የሸህ ይማም ሰላምታና አሥራ ሁለቱ ስላይዶች

ባለፈው ጥር የእህቴ የልጅ ልጅ ደሴ ላይ ስታገባ፣ ጉልበቴ ብዙ ስለማያስቀምጠኝ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸኝ ብዬ ከአዳራሹ የኋላ ረድፍ ያዝኩ። ከጎኔ ባለች ጠረጴዛ ላይ ፕሮጀክተር ተቀምጦ የሙሽሮቹን ፎቶ ግድግዳው ላይ ያበራል፤ ሙሽራዋ ጥርስ ሳታበቅል፣ ሙሽራው በተማሪ ቤት የደንብ ልብስ፣ ሁለቱ ሐይቅ ዳር ተቃቅፈው፣ እንደገና ሙሽራዋ በምረቃ ጋዋን። ሰው እያየ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔን የያዘኝ ግን ከማሽኑ ጎን እየተነፈሰ የሚወጣው ሽታ ነው፤ አምፖል ያጋለው አቧራ፣ ሊቃጠል ደርሶ የማይቃጠል። ይህን ሽታ ከዚያ በፊት በሕይወቴ ያሸተትኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም እዚያው ደሴ። ማሽኑን የምታስኬደዋን ልጅ፣ «ፎቶውን አንቺ ነሽ የምትቀይሪው?» አልኳት። «አይ እማማ፣ ሰዓት ሰጥቼዋለሁ። በየአምስት ሰከንዱ በራሱ ይሄዳል» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ይህን «በራሱ ይሄዳል» የሚባል ነገር ለማወቅ የከፈልኩትን ብናገር ሰው አያምነኝም፤ እሷ ሰከንዱን ሞልታ ከጓደኛዋ ጋር ትጻጻፋለች። ኬኩ ሳይቆረስ ወጣሁ። የእህቴ ልጆች ጉልበቷ ነው ብለው ታክሲ ያዙልኝ፤ እኔም ጉልበቴ ነው አልኩ።

ዓመቱን እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ግምገማ የሚሉት ነገር የመንግሥት ሠራተኛን ቀን ከቀን የሚሰበስብበት ጊዜ። መካነ ሰላም ላይ ሻይ ሽልንግ ነበር፣ በሁለት ብር ሁለት ሰው ተጋብዞ ለለማኝም ይተርፋል። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ መናኸሪያው በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፤ መንገዱ ካልተበላሸ፣ ጎማው ካልፈነዳ፣ ጭቃ ካልያዘው ማታ ይገባል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ጥግ አንዲት የካሴት ሱቅ ነበረች። ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ታሰማለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ባለሱቁ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ለእኛ ብሎ ዘፈኑን ዝቅ ያደርግልን ነበር። ሴት ልጇ ጅዳ የሄደችላት እናት በቤቷ ቆርቆሮና በሻርፗ ብልጭልጭ ትለያለች። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ ባይ፣ ደሴ ሰልባጅ ተራ የገዛሁትን ፕሊሴ ጉርድና ቡናማ ሹራብ ዓመቱን ሙሉ እየቀያየርኩ ስለብስ፣ ገበያ ላይ ከዐረብ አገር የመጣ ሽቶ የተቀባች የገበሬ ሚስት አልፋኝ ስትሄድ ዘወር ብዬ አሸት ነበር። ዛሬ ያ የካሴት ሱቅ ሞባይል ይሸጥበታል፤ አሁን ያለው ልጅ ካሴት ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል፣ እውነቱን ይሁን ሲያሾፍብኝ አላወቅሁም።

በወረዳው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራዬ ታይፕ መምታት ነበር። ጣቶቼ ፊደሉን ሳላይ ያገኙታል፣ ካርቦን ከትቼ አራት ቅጂ ስመታ አራተኛው እንደ መጀመሪያው ይነበብ ነበር፤ በዚህ ኩራተኛ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ከዕለታት አንድ ቀን በእህል ጭነት መኪና ላይ ሦስት ካርቶን መጣ። ኮምፒዩተር ነው ተባለ። ከኃላፊያችን ከአቶ ጌታሁን ክፍል ጎን አንድ ክፍል ተለቀቀለት፣ ወለሉ ተጠረገ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ጫማውን ያላወለቀ ሰው እንዳያስገባ ታዘዘ። እኔ ቤቴ የጠለፍኩትን የቴሌቪዥን ልብስ አምጥቼ አለበስኩት፤ ቴሌቪዥኑ ገና ስላልነበረኝ ልብሱ ሥራ ፈትቶ ነበር። የከተማው መብራት ቀን ቀን ስለማይኖር የመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ፣ በካልሲ እየገባሁ፣ በላዩ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሌላ ነገር እንደሚሠራ አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈለግሁም። ጎረቤት ወረዳዎች ላይ ታይፒስት የሚባል መደብ ሊታጠፍ ነው፣ ምደባ ይመጣል፣ ኮምፒዩተር የማይችል ይሰናበታል የሚል ወሬ ሲደርሰኝ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ጀመር። ባሌ ሞቷል፣ ልጆቼ ሁለት ናቸው፣ ቤቱ የኪራይ ነው።

ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ለአንድ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ የሚሆን ብረትና ገንዘብ ይዟል፤ ድልድዩ አንድ ነው፣ የሚፈልጉት ወረዳዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ደሴ መጥተው፣ አንድ የኅብረተሰብ ተወካይ ይዘው፣ ችግራቸውን ከአሥራ አምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ «በፓወር ፖይንት አዘጋጅተው» ያስረዱ፣ ነጥብ ይሰጣል ይላል። አቶ ጌታሁን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ቀና ብለው፣ «አበራሽ፣ ይሄ ነገር እኛ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ?» አሉኝ። «ይኖራል» አልኩ። ስለመኖሩ የማውቀው ነገር አልነበረም።

የእኛ ወረዳ ድልድዩን የሚፈልገው ለማዶ ነው። ማዶ የምንለው ከወንዙ ባሻገር ያለውን ቀበሌ ነው፤ በመዝገብ ሌላ ስም አለው፣ በዚያ ስም የሚጠራው ግን የለም። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ እስከ መስከረም አጋማሽ ማዶዎች ለገበያም ለክሊኒክም ለመካነ ሰላምም ሙታን ናቸው። የማዶው ሽማግሌ የሸህ ይማም የልጃቸው ሚስት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር አድርሰዋት፣ ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ እዚያው ዳር ላይ ሞታለች፤ ልጁም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ሸሁ ክረምት በወጣ ቁጥር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው ማመልከቻ ያስገባሉ። ማመልከቻውን የምመታላቸው እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ያምናውን ቀን ብቻ ቀይሪው፤ ወንዙም አልተቀየረ» ይሉኝ ነበር።

ፓወር ፖይንት ያስተማረችኝ ከዲጃ ናት። ከዲጃ የማዶ ልጅ ናት፣ የዘሃራ ሁለተኛ ሴት ልጅ። ከተማ ቤት ተከራይታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቷ በላከችላት ብር ደሴ ሦስት ወር ኮምፒዩተር ተምራ፣ የምስክር ወረቀቷን በላስቲክ አስጠቅልላ በየሳምንቱ ሥራ አለ ወይ እያለች ትመጣለች። አቶ ጌታሁን በየሳምንቱ በጀት የለም ይሏታል። ያን ቀን በረንዳው ላይ ያዝኳትና ደብዳቤውን አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ ጫማዋን አውልቃ ገባች። «እትዬ አበራሽ፣ ይቀመጡ» አለችኝ፣ የራሴን ወንበር እየሳበችልኝ።

ባዶ ገጽ አወጣችልኝና የምለውን እንድጽፍበት ነግራኝ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ስትመለስ የመጀመሪያውን ስላይድ ጨርሼ ነበር። በስተቀኝ ራስጌ ቁጥርና ቀን፣ ከሥሩ ለማን እንደሚጻፍ፣ «ጉዳዩ፦» ተሰምሮበት፣ ሦስት አንቀጽ፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ የፊርማ ቦታ፣ ታች ደግሞ ግልባጭ የሚደርሳቸው አምስት መሥሪያ ቤቶች። ፊደሉ ጉንዳን አክሏል። ከዲጃ እስክሪኑን እያየች ቆየችና ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። «እትዬ፣ ይሄ ደብዳቤ አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ከሩቅ ነው የሚያየው። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ብቻ፣ ፊደሉን ትልቅ። የቀረውን ሰውየው በአፉ ይናገረው።» ግልባጩን አላስነካም ብዬ ብዙ ተከራከርኳት። ወረቀት ሙሉ ካልሆነ ሥራ የሠራሁ የማይመስለኝ ሰው ነበርኩ። በመጨረሻ እሺ አልኩ፣ ከደብዳቤዬ አሥራ ሁለት ስላይድ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት አሁንም ሳስባቸው ደስ ይለኛል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ እንሮጣለን፣ ሲጠፋ ባለበት እንቀራለን። ማውዙ ጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስብኝ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጉልኝ ያልኩ ሴት፣ ፊደል ከግራ እየበረረ እንዲገባ፣ ከላይ እንዲወርድ፣ እየተሽከረከረ እንዲቆም ማድረግ ቻልኩ። ከድምፆቹ መሐል የታይፕራይተር ድምፅ አገኘሁ፤ እያንዳንዱ ፊደል ሲገባ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ፤ ያንን የእኔን ማሽን ሊተካ የመጣው ነገር ድምፁን ወስዶ ጨዋታ አድርጎታል። ርዕሱ ላይ አስገባሁት። መጨረሻው ላይ «እናመሰግናለን» ብለን ጭብጨባ ጨመርንበት። የከተማው ፎቶ አንሺ ነሐሴ ላይ ወንዙን አንስቶት ስለነበር ያ ፎቶ ደሴ ተልኮ በዲስኬት መጣልን። የድልድይ ሥዕል ግን አጣን፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው አንድ የፈረንጅ አገር ድልድይ ብቻ ነው፣ ሰፊ፣ ከሥሩ መርከብ የሚያልፍበት። «የምንፈልገው ድልድይ» ብለን እሱኑ ለጠፍነው። ተወካይ ሆነው የሚሄዱት ሸህ ይማም ሲያዩት መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አጃኢብ ነው። መርከቡም አብሮ ይመጣል?» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ከዲጃ ወንበሩን ይዛ ሳቀች።

ልምምድ ያደረግነው ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን ነው። ከዲጃ አልነበረችም፣ እናቷን አሟት ማዶ ተሻግራለች። ሸሁ በጠዋት ደረሱ። ጥበቃውን ሰላም አሉ፣ የልጁን ተቅማጥ ጠየቁት። ገንዘብ ያዡን፣ መዝገብ ቤቷን፣ በረንዳ ላይ የቆመውን ባለጉዳይ ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም አሉ። የአቶ ጌታሁንን እናት ወገብ ጠየቁ፣ ዝናቡን፣ ማሽላውን፣ ከብቱን፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ እኛም ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አልን። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ተቀመጡና ወደ ነገሩ ገቡ። ሸጋ አድርገው፣ ሳያስረዝሙ። እኔ ስላይዱን በጣቴ እየቀየርኩ፣ እሳቸው እያዩ ይናገራሉ። ደብዳቤው አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሚል ስንት እንደምንወስድ ማወቅ ፈልጌ ነበርና፣ ሰዓት የተሳለበት አንድ ምልክት አግኝቼ እሱን ተጭኜ ነው የጀመርነው። ዳር ላይ ሰከንድ ሲቆጥር አየሁት። ስንጨርስ ዘጠኝ ደቂቃ ከምናምን አለ። ኮርቼ ሳላበቃ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ መሐል ላይ ብቅ አለ። እነዚህን ሰዓቶች ላስቀምጣቸው ወይ የሚል ነገር ነው፤ «አዎ» እና «አይ» አለው። በዚያን ዘመን አንድ ነገር በጥያቄ መልክ ሲመጣልን እጅ አውጥቶ መስማማት ነው የለመድነው፣ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ቀጣዩ ግምገማ ላይ ስሙ ይነሳል። አዎን ተጫንኩ፣ ዲስኬቱም ላይ አስቀመጥኩት። እንደገና ልየው ስል ናፍጣው አለቀና ጄኔሬተሩ ቆመ። ዲስኬቱን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በመሐረብ ጠቅልዬ ደሴ ድረስ ጡቴ ሥር ይዤው ሄድኩ።

አዳራሹ ትልቅ ነበር፣ መጋረጃው ወፍራም። ፕሮጀክተር ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያ ሽታም ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። ፊት ለፊት ወረቀትና እርሳስ የያዙ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ አንዱ ፈረንጅ ነው፣ አጠገቡ የሚያስተረጉምለት አለ። ከአንደኛው ተወዳዳሪ ወረዳ፣ ከማሻ፣ የመጣው ሰውዬ ቀደመ። ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቃል በቃል አንብቦ በአሥር ደቂቃ ጨረሰና ተቀመጠ። ከአቀስታ የመጡትም እንደዚያው አደረጉ። እኛ ተጠራን። ሸሁ ፊት ለፊት ቆሙ፣ ግድግዳው ከኋላቸው ነው። እኔ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ተቀምጬ የመጀመሪያውን አስነሳሁት። ቀጭ ቀጭ እያለ ርዕሱ ገባ፣ ሰው ፈገግ አለ፣ ደስ አለኝ።

ሸህ ይማም፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ» አሉ። መልሱን ጠበቁ። ሰብሳቢውን ለብቻ ጠየቁ። ፈረንጁን ከአገሩ በደኅና መጣህ ወይ አሉት፣ እስኪተረጎምለት ጠበቁ፣ መልሱ እስኪተረጎምላቸው ጠበቁ። የደሴን ዝናብ ጠየቁ። በዚህ መሐል ስላይዱ ዘለለ። እኔ አልነካሁትም። ካርታችን መጣ፣ ሸሁ የማሻዎቹን ከብት እየጠየቁ ነው። የማዶ ሕዝብ ብዛት መጣ፣ ሄደ። ልመልሰው ብዬ ያገኘሁትን ተጫንኩ፣ ጭራሽ ወደፊት ሮጠብኝ። የወንዙ ፎቶ ወጣ፣ ቡናማው ውሃ ግድግዳውን ሞላው፣ እሳቸው ግን ገና አቀስታዎቹ ዘንድ ናቸው። መርከቡ አለፈ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ሸሁ ከኋላቸው ያለውን አያዩም፤ ሰላምታቸው ሰውን ደስ ያሰኘው መስሏቸው ፊታቸው በራ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን ሲሉ፣ «እናመሰግናለን» የሚለው መጣና ማሽኑ በራሱ አጨበጨበላቸው። ከዚያ ግድግዳው ጠቆረ። አሚን ያለ ሰው ትንሽ ነው፤ የቀረው አፉን ይዞ ነበር።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና፣ «አባቴ፣ ስድስት ደቂቃ ይቀራል። ስላይዱ ይመለስ» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መመለሱን አላውቅበትም፤ ወዲያ ወዲህ ስጎትተው ማውዙ ከጠረጴዛው ወደቀ። ሸሁ አንድ ጊዜ ወደ ጥቁሩ ግድግዳ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩና፣ «ግዴለም፣ ተይው ልጄ» አሉ። ስለ ልጃቸው ሚስት ተናገሩ፣ ስለ ቃሬዛው፣ ውሃው እስኪጎድል ስንት ሰዓት ድረስ እንደጠበቁ። ሳይጨርሱ ደወል ተመታ። ነጥቡ ከሰዓት በኋላ ተነበበ፤ ለአቀራረብ የተመደበው ብዙ ነበር፣ ድልድዩ ለማሻዎቹ ሄደ። አይገባቸውም አልልም፣ እነሱም ወንዝ አላቸው።

በማግስቱ አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ምሳ ብሎ ቆመ። ብርዱ ያንገበግባል። ሸሁ የተቀቀለ ድንች ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ፣ ጋቢያቸውንም ሊያለብሱኝ ሲሉ ማልቀስ ጀመርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ «አዎ»፣ የገባኝን ያህል ነገርኳቸው። ደሴ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድሬ ምን እንደሆነ ደርሼበት ነበር፤ ማሽኑ ያስታወሰው የቢሮውን ልምምድ ነው፣ ቢሮ ላይ ደግሞ ሰላምታው በረንዳ ላይ አልቆ ነበር።

ድንቻቸውን ልጠው ጨረሱ። «ሰላምታውን ትቼ ብጀምር ኖሮ ይደርስ ነበር?» አሉ።

«ይደርስ ነበር።»

«ሰውን ሳልጠይቅ እንዴት አድርጌ ሰውን እለምናለሁ?» አሉና የድንቹን ልጣጭ ከጋቢያቸው ላይ አራገፉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ይሄን ለጌታሁን ብትነግሪው ምን ይሆናል?»

«ምደባ እየመጣ ነው። ያባርሩኛል» አልኩ።

«እንግዲያው አትንገሪው። እኔ የሚቀሙኝ ወንበር የለኝ። አብሽሪ።»

መካነ ሰላም ስንደርስ አቶ ጌታሁን በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት ሸሁ፣ «ሰላምታ አበዛሁና ጊዜው አለቀ። አፉ በሉኝ» አሉ። ወሬው ከእሳቸው በፊት ማዶ ደረሰ፤ ሸህ ይማም በወሬ ድልድይ አስበሉ ተባለ። እኔን የነካኝ የለም። በሳምንቱ ከዲጃ ከእናቷ ዘንድ ተመለሰች። ስላይዱን ከፈተች፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ደረደረችና ጣቷን እስክሪኑ ላይ አደረገች። «እትዬ፣ እዚህ ታች ያሉትን ቁጥሮች አይተዋቸዋል? ሰዓት ተሞልቶበታል እኮ።» አየኋት። ወዲያው ገባት፣ እጇን አነሳች። «ማዶ ሰው ሸሁን እየሰደበ ነው፤ እማዬም ጭምር። ልንገራት?» አለችኝ። «ቆይ» አልኩ። «ምደባው ይለፍ።» እሺ አለች። ከዲጃ እሺ ካለች አትናገርም።

ምደባው አለፈ። የመረጃ ሠራተኛ ተባልኩ፣ ደመወዜ ጨመረ፣ ቴሌቪዥን ገዛሁና ያ የጠለፍኩት ልብስ ባለቤቱን አገኘ። ከዲጃ ግን በጀት አልተገኘላትም፣ ወደ እህቷ ጅዳ ሄደች። ከዚያ ሁለት ጊዜ በቴሌ ቤት አስጠርታ አነጋግራኛለች፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ። ስለዚያ ነገር አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ለሸሁ ብዬ ከዛሬ ነገ እናገራለሁ እያልኩ፣ ደግሞ አሁን ብናገር ለምን እስከ ዛሬ ይሉኛል እያልኩ ሦስት ክረምት አለፈ።

በሦስተኛው ነሐሴ ከዲጃ ለዕረፍት መጣች። መጀመሪያ እኔ ቤት ነው የገባችው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ ለእናቷ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ሽቶ። ውሃው እስኪጎድል አንድ ሁለት ቀን እዚህ እደሪ አልኳት። «ከእማዬ ጋር የሚለየን ወንዙ ብቻ ነው፣ ጅዳ ሆኜ የቆየሁት አይበቃም?» አለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ተያይዘው ሲሻገሩ እግሯ ሸሸ። ሁለቱ ወጡ። እሷን በሦስተኛው ቀን ታች አገኟት።

ወንዙ ጎደል ሲል ለቅሶ ተሻገርኩ። ዘሃራ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሴቱ ከቧታል፣ እኔም መሐላቸው ተቀመጥኩ። ሸህ ይማም ገቡ። «አሰላሙ አለይኩም፣ አላህ ያጥናሽ ዘሃራ» አሏት። ቀና አለች፤ አንቱ ስትላቸው የኖረችው ሴት፣ «ይማም፣ ያንተ ሰላምታ ልጄን በላ» አለቻቸው። ሸሁ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ወደ እኔ አላዩም፣ አንድ ጊዜም። ቢያዩኝ ኖሮ የምናገር ይመስለኛል፤ ይሄን የምለው ራሴን ለማጽናናት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ።

በዓመቱ ድልድዩ ተሠራ፣ ከሌላ በጀት፣ ማንም በፓወር ፖይንት ሳይለምነው። ዛሬ ልጆች እየዘለሉበት ያስጮኹታል። ሸሁ ድልድዩ ከቆመ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ ለሰደቃቸው ተሻገርኩ፤ ስጨርስ ዘሃራ ቤት ሄድኩና ብቻዋን ስለነበረች ሁሉንም ነገርኳት። ሰዓቱን፣ አዎ ያልኩትን፣ አቀስታ ላይ የተባባልነውን፣ ከዲጃ እንዳወቀችና ልንገራት ስትለኝ ቆይ እንዳልኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ድልድዩ ላይ ስንገናኝ» አለች፣ «ሁልጊዜ ቀድመው ሰላም ይሉኝ ነበር። አንድ ቀንም አልመለስኩላቸውም።»

ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ፣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ በተገናኘን ቁጥር፣ ምንም ያህል ሰው ቢኖር፣ ቀድማ ሰላም የምትለኝ ዘሃራ ናት። ጉልበቴን ትጠይቀኛለች፣ ልጆቼን በስማቸው ትጠይቀኛለች፣ መልሴን ቆማ ትጠብቃለች። ቀና ብዬ ላያት የማልችለው እኔ ነኝ።